ቁንጫ ያሉት ሰው

«የቁንጫ! የትኋን! የበረሮ! የአይጥ መድኃኒት!» እያለ ድምፅ ማጉያው በጊንጆ ሰፈር መንገድ ላይ ሲለፈልፍ፣ ጵርስቅላ ከባጃጅ ዘላ ወርዳ ከአባቷ እጅ ነጥቃ አጠፋችው።

«አባዬ፣ ዛሬ እንኳ አትጩህ! ዛሬ እንኳ ተወው!»

ዕንባቆም ባዶ እጁን እንደዘረጋ ቀረ። ፊቱ የቆመችው ገዢ ግን የልጅቷ ጣጣ አላሳሰባትም፤ በእጇ ያለውን ዱቄት እያገላበጠች፣

«ቁንጫ፣ ይሄ ፍራሽ ላይ ይነሰነሳል?» አለችው።

«ፍራሽ ላይ በፍጹም፣ እትዬ። ወለሉ ላይ ብቻ። ሰው ከቤት ይውጣ፤ በር መስኮቱ ተከፍቶ ይዋል። የሰው ገላ እንዳይነካ፤ ቁስል ያለበት ሰው ደግሞ ጨርሶ አጠገቡ እንዳይደርስ።»

«ኧረ አንተ ስትሸጥም ታስፈራራለህ!» ብላ እየሳቀች ሄደች።

ዕንባቆም ይህን ሳይናገር ሸጦ አያውቅም። ሌሎቹ መድኃኒት ሻጮች «ገበያህን የምትገድለው በምላስህ ነው» እያሉ ይቀልዱበታል። እሱም አብሯቸው ይስቃል፤ ንግግሩን ግን አይተውም።

ጵርስቅላ ሴትየዋ እስክትርቅ ጠበቀች። ፊቷ ቀልቷል።

«ሰማሃት አይደል? ፊት ለፊትህ፣ እኔ ቆሜ፣ ቁንጫ ትልሃለች። አቤት ትላለህ።»

«ምን ልበላት? ስሜን አታውቀው።»

«ዘጠኝ ሰዓት ላይ የእጮኛዬ ቤተሰቦች ይመጣሉ። ቤቱን በበረኪና አጥቤዋለሁ። ይሄን ሸቀጥ ጎረቤት ጣልልኝ፤ ሽታው እንዳይኖር። ታጠብ፣ ሸሚዝ ቀይር። ደግሞ አባዬ…» ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «ምንም ቢሉህ አትቆጣ። በማርያም… ኧረ ምን ያስለኛል፣ በጌታ ይሁንብህ አትቆጣ።»

«መቼ ተቆጥቼ አውቃለሁ?» አላት።

እውነቱን ነው። ተቆጥቶ አያውቅም። አንዳንድ ሰው ቁጣው የሚበርድ አይደለም፤ የት እንዳስቀመጠው የሚጠፋበት ነው።

ነገሩ እንዲህ ነበር። ጵርስቅላ ጂማ ከተማ በአንድ መድኃኒት ቤት ትሠራለች። አብሳሎም የሚባል የኮሌጅ መምህር ወደዳት፤ ወደደችው። ሁለቱም የአንድ ቤተ ክርስቲያን ምእመናን ናቸው። በዚያ ቤተ ክርስቲያን ወግ ደግሞ የሚጋቡ ሰዎች ስም ሦስት እሑድ በጉባኤ ፊት ይነበባል፤ ተቃውሞ ያለው እንዲናገር። የመጀመሪያው እሑድ አንባቢው «ወንድም አብሳሎም ፈይሳና እህት ጵርስቅላ ዕንባቆም» ሲል፣ አንዲት ጆሯቸው የከበደ አሮጊት «የትኛው ዕንባቆም ነው?» ብለው ጎረቤታቸውን ጠየቁ። ጆሮ የከበደው ሰው ሹክ ሲል ይጮሃል። ከኋላ ወንበር አንዱ እንዲሰማቸው ብሎ በጩኸት መለሰላቸው።

«የቁንጫ ልጅ ናት እኮ! የቁንጫ!»

ወንበሩ ሁሉ ሳቀ። ዘማሪዎቹ እንኳ አፋቸውን በመዝሙር ደብተር ሸፈኑ። ዕንባቆም ከጥግ ተቀምጦ እንደ ሰው ሁሉ ፈገግ አለ። ጵርስቅላ አቀርቅራ ወለሉን አየች። የአብሳሎም እናት ወይዘሮ ጥሩአየሁ ግን አልሳቁም። ያን ቀን ማታ ለሟች ባላቸው ወንድም ለአቶ ኩመራ ደወሉ።

«ስም ዝም ብሎ አይወጣም፣ ኩመራ። በደቡብ በኩል ሸክላ ሠሪውን፣ ቆዳ ፋቂውን በእንስሳ ስም ነው የሚጠሩት ሲሉ ሰምቻለሁ። በጌታ ሁላችንም አንድ ነን፤ እሱን አልካድኩም። ግን የልጅ ልጄ ቁንጫ ተብሎ እንዲጠራ አልፈልግም። አጥንቱን አጣራልኝ።»

ማን እንደነገራቸው እንጃ፤ እንዲህ ያለ ወግ የለም። ሰው ግን የሚፈራውን ነገር ምስክር ሳይጠይቅ ያምናል።

አቶ ኩመራ የቡ ወደምትባለው የቡና ከተማ ሄዱ፤ ወጣትነታቸውን እዚያ ነበር ያሳለፉት። ከቡና ለቃሚ ከመፈልፈያ ሠራተኛ እየጠየቁ የሰው ወሬ በጆንያ ሞልተው ተመለሱ። አንዱ፣ እናቱ ቁንጫ በሞላበት ቁርበት አዝላው ስለመጣች ነው ብሏቸዋል። ሌላው፣ ዛሬ የቡ ነገ አጋሮ እየዘለለ ስለሚነግድ ነው ብሏል። ሦስተኛው ደግሞ በዳውሮ አገር የቁንጫ ዘር የሚባል አለ፤ ከሰው ጋር ደም አይቀላቅልም ብሎ ምሎ ተገዝቷል። ለጥሩአየሁ የበቃቸው ይኼ የመጨረሻው ነው። ስለዚህ ዛሬ ራሱን ዕንባቆምን ሊጠይቁ ይመጣሉ። መልሱ ካላማራቸው በመጪው እሑድ የልጅቷ ስም ሁለተኛ አይነበብም።

ዘጠኝ ሰዓት አልፎ ሦስቱ መጡ፤ ወይዘሮ ጥሩአየሁ፣ አቶ ኩመራና የቤተ ክርስቲያኑ ዲያቆን ዓለምብርሃን። ጵርስቅላ ሻይና ዳቦ አቀረበች። አቶ ኩመራ ጸለዩ፤ አጸላለያቸው ያማረ ነው። ወይዘሮ ጥሩአየሁ ቀሚሳቸውን ሰብስበው በሶፋው ጫፍ ላይ፣ እንደ እርጥብ ድንጋይ እየፈሩት ተቀመጡ። ትንሽ ቆይተው ቁርጭምጭሚታቸውን አከኩ። ዓይናቸውን ከወለሉ ላይ ሳያነሱ እንደገና አከኩ። ጵርስቅላ አየቻቸው። ያን ወለል ከንጋት ጀምሮ ተንበርክካ ስትፈገፍግ ነው የዋለችው፤ እጇ በበረኪና ተልጧል።

«እንቅፋት መታኝ መሰለኝ» አሉ ጥሩአየሁ፣ ሲያኩ ስለታዩ።

አቶ ኩመራ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ስድሳ አምስት ያለፋቸው፣ ጥርሳቸው ሙሉ፣ ሳቅ የሚወዱ ሰው ናቸው።

«ወንድም ዕንባቆም፣ እንግዲህ ዘመድ ልንሆን ነው፤ ይቅር ይበሉን፣ አንድ ነገር ሳናጠራ ብንቀር ነገ ለልጆቹም አይበጅም። ይሄ ስም… ያው ያውቁታል። ከየት መጣ? ማን አወጣው?»

ዕንባቆም ቀና ብሎ አያቸው።

ሰው ስንት ነገር ችሎ ያድራል! እኚህን ሰውዬ ከአሥራ ሰባት ዓመቱ ጀምሮ ያውቃቸዋል። በቤተ ክርስቲያን በር ላይ ስንት እሑድ ጨብጧቸዋል። እያንዳንዱን ጊዜ፣ ዛሬ ያስታውሱኝ ይሆን እያለ ጠብቋል። አንድ ቀንም አላስታወሱትም። ስሙን ያወጡለት ሰውዬ ከፊቱ ተቀምጠው፣ ዳቦውን እየቆረሱ፣ ማን አወጣው ብለው ይጠይቁታል።

«የቁንጫ መድኃኒት ስለምሸጥ ነው» አለ ዕንባቆም።

«አይደለም፤ እሱን አጣርቻለሁ። ንግዱን ሳይጀምሩ በፊት፣ ገና ቡና ለቃሚ ሳሉ ነው አሉኝ።»

«እንደዚያ ካሉ እንደዚያ ነው።»

«እንግዲያው የዘር ነው?» አሉ ጥሩአየሁ፣ ሻዩን ሳይነኩ። «ይንገሩን። እኛ ምንም አንልም። ግን ማወቅ አለብን።»

ጵርስቅላ ትሪውን በደረቷ ታቅፋ በሩ ጋ ቆማለች። ዕንባቆም ልጁን አየ። ከዚያ እጁን በጉልበቱ ላይ አሳርፎ ጀመረ።

«የዘር አይደለም። ከዳውሮ ለለቀማ ስንመጣ የምናድረው የቡ፣ መጋዘን ውስጥ ነበር። ካልተፈለፈለው ጀንፈል ቡና አጠገብ፣ በባዶ ጆንያ ላይ። የዘበኛው ውሾችም እዚያው ነበር የሚያድሩት። ቁንጫው ከእኛ በፊት የነበረ ነው። ሌሊቱን ስናክ እናድራለን፤ እግራችን ሁሉ ቆስሎ ነበር። አንድ ቀን ባለቤቱ ነጋዴ ቡናውን ሊያይ ገባ፤ ቁንጫ ነከሰው። ተቆጣ። ካቦው ደግሞ ጌታውን ደስ ሊያሰኝ ለቃሚዎቹ ናቸው ያመጡት አለ። ልብሳችንን አስወልቆ አውድማው ላይ አቆመን፤ ሴቶቹ ቡና ለቃሚዎች ሁሉ እያዩ።»

«ራቁታችሁን?» አለ ዲያቆኑ።

«እንደተፈጠርን። ለምስጥ የተገዛ ማላታይን የሚባል መርዝ ነበር። በሚታዘለው ፓምፕ ረጨን። ቁስሉን ሲነካው ያቃጥላል። ዘለልኩ። ካቦው ‹ኢላላ! ታፍኪ!› አለ በኦሮምኛ፤ እዩት፣ ቁንጫ ማለቱ ነው። ሰው ሳቀ። በማግስቱ አማርኛ ተናጋሪው ቁንጫ አለኝ። በቃ፤ ስሙ ይኼ ነው።»

ከዚያ ከወደ ሶፋው አንድ ድምፅ ተሰማ፤ የታፈነ ነገር የሚፈነዳ ይመስል ነበር። አቶ ኩመራ ሳቁ። ጭናቸውን መቱ።

«አንተ ነህ እንዴ! ያ ረቢ! አንተ ነህ? ያ ቀጭኑ?» እርስዎ ማለቱን ሳቁ ወሰደው። «ጥሩአየሁ፣ እኔ እኮ ነኝ! ካቦው እኔ ነኝ! አይ ጊዜ! ያን ቀን የሳቅነውን ሳቅ! ሴቶቹ መሬት ላይ እስኪንከባለሉ! አዘላለሉን ብታዪ…» ተነሥተው በዚያ በተፈገፈገ ወለል ላይ፣ አንዴ በግራ አንዴ በቀኝ እግራቸው፣ እጃቸውን ከፊታቸው አጋጥመው ዘለሉ። «እንዲህ! እንዲህ!»

ወይዘሮ ጥሩአየሁ መጀመሪያ ዓይናቸው ፈጠጠ። ከዚያ ደረታቸውን ይዘው ረጅም ትንፋሽ ተነፈሱ፤ ትንፋሹ ሳቅ ሆነ።

«ተመስገን! ቀልድ ነው በሉኛ! እኔ ደግሞ ስንት ቀን እንቅልፍ አጥቼ!» ሻዩን አነሡና ለመጀመሪያ ጊዜ ፉት አሉ። በሶፋው ላይም ወደ ኋላ ተደገፉ።

ዲያቆኑም ሳቀ። መጀመሪያ ነገሩ ሳይገባው፣ ኋላም ከሰው ላለመለየት።

ዕንባቆም ይህን ሁሉ ቻለው። ያልቻለው፣ ዞር ሲል ልጁ ፈገግ ብላ ማየቱን ነው። በእሱ መሳቋ አልነበረም፤ ሠርጓ ስለተረፈላት ነው። እሱም ያውቃል። ነገር ግን ጥርሷ ታየ፤ ያን ቀን አውድማው ላይ የነበረውን ጥርስ ሁሉ አንድ ላይ ያየ መሰለው።

«ደግሞ ሁለት ነበራችሁ» አሉ ኩመራ እንባቸውን እየጠረጉ። «ካንተ ጋር አንድ ሌላ ነበረ፤ ካንተ ቁመቱ አጠር የሚል። እሱ ነው ዋናው ዘላይ! ሳቁን ሲያይ እሱም እየሳቀ፣ ይበልጥ እየዘለለ… ድገመው ድገመው ስለው ፓምፑን ሁለተኛ አስሞላኝ። እሱ የት ደረሰ? እሱንም ለሠርጉ እንጥራው እንጂ!»

አጵሎስ ይባላል። የዕንባቆም ታናሽ ነው፤ በአንድ ዓመት። ቀልድ የሚወድ፣ ሰው ሲስቅለት የሚጠግብ ልጅ ነበር። ያን ቀን ሰው ሲስቅ ጊዜ፣ ውርደቱ ጨዋታ ሆነለት። እየተቃጠለ ዘለለ። ፓምፑ ሁለተኛ ተሞልቶ ፊቱን፣ ደረቱን፣ የተቧጨረ እግሩን ሲረጨው አፉን ከፍቶ ሳቀ። ሲመሽ አፉ አረፋ ይደፍቅ ጀመር። ላቡ ጆንያውን አራሰው። ዓይኑ ውስጥ ያለችው ጥቁሯ ነገር እንደ መርፌ ቀዳዳ ጠበበች። ዕንባቆም ይዞት አደረ፤ ሲንቀጠቀጥ አብሮት እየተንቀጠቀጠ። ጎህ ሲቀድ መንቀጥቀጡ ቆመ። ካቦው መጥቶ አየና «ወባ ነው» አለ። ነጋዴው ከመምጣቱ በፊት ቶሎ እንዲቀበር አዘዘ፤ መገነዣም አንድ ባዶ ጆንያ ሰጠ። ከአንድ ሰው የቡና ማሳ ዳር ቀበሩት። ዕንባቆም አገሩ ገብቶ ለእናቱ ወባ ነው አላት። ካገባ በኋላ ለሚስቱ፣ ከዚያም ለልጁ ወባ ነው አላቸው። ሌላ ቃል አልነበረውም፤ የተሰጠው ያ ብቻ ነው።

«ወንድሜ ነበር» አለ ዕንባቆም። «ሞተ።»

«ውይ! ነፍስ ይማር። መቼ?»

«በማግስቱ።»

አቶ ኩመራ በመሐረባቸው ዓይናቸውን ይጠርጉ ነበር፤ መሐረቡ ፊታቸው ላይ ቆመ። ከመሐረቡ ጀርባ ምን እንዳዩ እሳቸውና ዕንባቆም ናቸው የሚያውቁት። ሲያወርዱት ከንፈራቸው አመድ መስሏል።

«ወባ…» አሉ። «አስታወስኩ። ወባ ነበር። ያን ዓመት የቡ ውስጥ ወባ ስንቱን ጨረሰው።»

ወይዘሮ ጥሩአየሁ ሲኒያቸውን አስቀመጡ። የባላቸውን ወንድም አዩ፤ ዕንባቆምን አዩ። ሞኝ ሴት አይደሉም። የገባቸው ነገር እንዳይገባቸው የቸኮሉ ይመስል ነበር።

«ወባ ነው አይደል፣ ወንድም ዕንባቆም?»

ዕንባቆም ዓይኑን ከአቶ ኩመራ አላነሣም።

«አዎ፣ አጎቴ በወባ ነው የሞተው» አለች ጵርስቅላ ከበሩ። ድምፅዋ ቀጥኗል። መድኃኒት ቤት ነው የምትሠራው፤ ማላታይን ቁስል ላይ ሲያርፍ ምን እንደሚያደርግ ከማንም በላይ ታውቃለች። «አባዬ ሁልጊዜ የሚነግረኝ እንደዚያ ነው። አይደል፣ አባዬ? ወባ ነው ያልከኝ።»

ዓይኖቿ ይለምኑታል። እናቷ ከሞተች ወዲህ አንድ ነገር እንደዚህ አጥብቃ ለምናው አታውቅም ነበር።

«ወባ ነው» አለ ዕንባቆም።

ቤቱ ትንፋሹን መለሰ። ዲያቆኑ ጌታ ይመስገን አለ፤ ለምን እንዳለው ሳያውቅ። አቶ ኩመራ ቀለማቸው ቀስ በቀስ ተመለሰ፤ ከቀለማቸው ጋር ለጋስነታቸውም መጣ። ሰው ካመለጠ በኋላ እንደሚቸረው ሌላ ጊዜ አይቸርም።

«እንግዲህ አለቀ! በመጪው እሑድ ይነበባል፤ ራሴ ቆሜ ነው የማስነብበው። ወንድም ዕንባቆም፣ አንድ ስጦታ ደግሞ ከእኔ ይኑርህ። ይሄ የጅል ስም ከዛሬ ጀምሮ ይቅር። በጉባኤው ፊት እናገርልሃለሁ። በኢየሱስ ስም እንሽረዋለን! ማንም እንዳይጠራህ።»

«አሜን!» አለ ዲያቆኑ።

«አሜን» አሉ ጥሩአየሁ። «ሠርጉ እስኪያልፍም ያን ድምፅ ማጉያ ይዘው በየሰፈሩ ባይዞሩ…»

«አሜን» አለች ጵርስቅላ ቀስ ብላ።

ዕንባቆም አሜን አላለም። ለዚያ ስም ስንት ዓመት አቤት ሲል ኖሯል። ጠልቶታል። ማታ ማታ ከላዩ አውልቆ ቢጥለው ብሎ ተመኝቷል። አሁን ግን ሊወስዱበት እጃቸውን ሲዘረጉ እጁ አጥብቆ ያዘው። ያን ከሰዓት በኋላ ስሙ ለሁለት ሰው ነበር የወጣው። አንደኛው ድንጋይ እንኳ ሳይቆምለት ከሰው ማሳ ዳር ተኝቷል። ማሳው ተሽጧል፤ ቡናው ተነቅሎ ጫት ተተክሏል። ወባ ብሎ ሞቱን ለኩመራ ሰጣቸው፤ ለልጁ ብሎ። ስሙንም ከሰጣቸው፣ ያን ቀን አውድማው ላይ ማንም አልቆመም ማለት ነው።

«አይሻርም» አለ።

«ማን? ምኑ?» አሉ ኩመራ።

«ስሙ። ይቆይ። የእርስዎ ስጦታ አንድ ጊዜ ይበቃኛል።»

«አባዬ…»

«ልጄን እሰጣችኋለሁ። ጥሎሽ አልጠይቅም፤ ልብስ አልጠይቅም፤ ከፍ ካለ ወንበር ላይ አስቀምጡኝም አልልም። አንድ ነገር ብቻ። በሠርጉ ቀን፣ አባቷ ተነሥቶ ያስረክባት ሲባል፣ ጠሪው እርስዎ ይሁኑ፣ አቶ ኩመራ። በጉባኤው ሁሉ ፊት። ዕንባቆም ብለው አይደለም። እንደዚያን ቀን ይጥሩኝ።»

«ምን ቀልድ ነው?» አሉ ጥሩአየሁ፤ ሊስቁ ሞከሩ፤ አብሯቸው የሚስቅ ግን አልነበረም። አቶ ኩመራ አቀርቅረው የራሳቸውን እጅ ያዩ ነበር፤ ቀኙን፣ ያን ቀን የፓምፑን መርጫ የተጫነውን አውራ ጣት።

«እንዴት ብዬ… በሰው ፊት… ልጅህ ናት እኮ፣ ታፍራለች…»

«ያን ጊዜ ሲጠሩኝ አላፈሩም። አሁን ደግሞ የስሙን ምሥጢር የሚያውቅ ሰው ጥቂት ነው፤ የሚያውቁት እርስዎና እኔ ነን።»

ጵርስቅላ ትሪውን መሬት ላይ አስቀመጠች። አባቷን አየችው፤ እንደ እንግዳ ሰው ለረጅም ጊዜ አየችው። አባዬ ተው ልትል አፏን ከፈተች፤ ሳትል ዘጋችው።

ውጪ ባጃጅ ጥሩምባ ነፋ፤ እንግዶቹን ሊመልስ የመጣው ነው። ወይዘሮ ጥሩአየሁ ነጠላቸውን አስተካክለው ተነሡ፤ ዲያቆኑም ተነሣ። በወጉ ከሆነ ባለቤቱ ከሁሉ ቀድሞ ብድግ ብሎ፣ እንግዳውን እስከ በር መሸኘት ነበረበት።

ዕንባቆም አልተነሣም። መቀመጫውን ጎትቶ፣ ጉልበቱ የአቶ ኩመራን ጉልበት እስኪነካ ድረስ ቀረበ።

«እስከ ሠርጉ አፍዎ ይልመድ» አላቸው በለሰለሰ ድምፅ። «እስቲ አሁን አንድ ጊዜ ይበሉኝ። እጠብቃለሁ።»